በጨረቃ አቧራ ክፍል ያገለገልኩበት ዘመን

ጡረታ ወጣሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

ይህን ለአባቴ ስነግረው የሚቆጥረውን ብሎን ትቶ ቀና አለና "ጡረታ የሚወጣ ሰው እኮ ቢያንስ አንድ ሽበት ያስፈልገዋል፣ ሐያት" አለኝ። አባቴ ወልቂጤ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ነው የሚሸጠው፤ ቀልዱም እንደ ዕቃው ከብረት የተሠራ ነው። ግን እውነቴን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን ጨርሻለሁ። የሳይንስ ክበባችንን ክፍል ቁልፍ ለተተኪዬ አስረክቤያለሁ። ሥራውን ያስረከበ ሰው ደግሞ ትዝታውን ይጽፋል፤ ትልልቆቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። እኔስ ምን ጎደለኝ? ባለፈው ለሚኒ ሚዲያ የጻፍኳት አንዲት ገጽ ሰልፍ ላይ ስትነበብ፣ ከኋላ ተደግፈው የሚያወሩት ወንዶች እንኳን ዝም ብለው ሰምተዋታል። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

ሥራዬ አቧራ ማዘለል ነበር። አትሳቁ፤ እስኪ ላስረዳ።

ጨረቃ ላይ አየር የለም፤ ውሃም የለም። አቧራው ግን ሞልቷል። ንፋስ እያንከባለለ፣ ጎርፍ እያጠበ ስላላለሰለሰው ቅንጣቶቹ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ሹል ናቸው። ቀን ላይ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሮኖቻቸውን እያስፈነጠረ ፖዘቲቭ ያደርጋቸዋል። በጨለማው በኩል ያሉት ደግሞ ከፀሐይ እየተወረወሩ የሚመጡ ኤሌክትሮኖች ይለጠፉባቸውና ኔጋቲቭ ይሆናሉ። መጽሐፉ ይህን "ሙል" ይለዋል፤ እኛ ቻርጅ ነው የምንለው። አንድ ዓይነት ቻርጅ የያዙ ጎረቤታሞች ይገፋፋሉ። ሲበዛባቸው ትንሿ ቅንጣት ማንም ሳይነካት ብድግ ትላለች። አስቡት! ንፋስ በሌለበት አገር አቧራ ሲነሳ። እስከ ምን ያህል ከፍታ እንደምትዘል ሳይንቲስቶቹም ገና እየተከራከሩ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቡታጅራ ነው፤ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ወደ ክበቡ የገባሁት ስለ ጨረቃ ብዬ ሳይሆን ጓደኞቼ ስለገቡ ነው። የክበቡ ሊቀመንበር የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ አብዱልሃኪም ነበር። ድምፁ ትልቅ፣ ሥራው ትንሽ። ገና በሩ ላይ እንዳየኝ "አንቺ አዲሷ፣ ወንፊት ያዢ" አለኝ። ያዝኩ። የመጀመሪያ የሥራ መደቤ "ወንፊት ያዥ" ነው። ደመወዙ ምንም፤ ፈተና ባለቀ ጊዜ አንድ ሻይ በፓስቲ።

አቧራችን የአገር ልጅ ነው። ከቡታጅራ ወጣ ብለው ያሉት ኮረብቶች ድሮ እሳት የተፉ ናቸው፤ የጭነት መኪናዎች ገረጋንቲ የሚጭኑት ከእነሱ ላይ ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችን ቲቸር ሸምሱ አንዱን ጥቁር ጠጠር እያገላበጡ "የጨረቃ አፈርም ከቀለጠ ዐለት የመጣ ነው። ይሄ ዘመዱ ነው፤ በክብር ያዙት" ይሉን ነበር። በክብር ይዘን በሙቀጫ ወቀጥነው። ሙቀጫው የእናቴ ነበር። ነበር ያልኩት፣ ከዚያ በኋላ በርበሬ ልትወቅጥበት ስላልቻለች ነው።

ከተወቀጠ በኋላ በወንፊት ይነፋል። ከወንፊት ያለፈው እንደገና በናይለን ሻሽ ይነፋል፤ ከሻሹ የሚያልፈው እንደ ጭስ የላመ ነው። እሱን ትሪ ላይ አስጥተን፣ ከሰል ምድጃ ላይ እያማሰልን እናደርቀዋለን። ከዚያም ትኩሱን ብልቃጥ ውስጥ ከትተን ክዳኑን ጥርቅም። መድረቁ የሚታወቀው ብልቃጡን ሲያዘነብሉት ነው፦ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ደርቋል፤ እየተቋጠረ ከወረደ እርጥበት አለውና ወደ ምድጃው ይመለሳል። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ጆሮዬና እጄ ናቸው የደረሱበት። የደረቀ አቧራ ብልቃጥ ውስጥ ድምፁ ራሱ ይለያል።

ቲቸር ሸምሱ ሦስት ልማድ ነበራቸው። ማንኛውንም ዕቃ ከመንካታቸው በፊት "ቢስሚላህ" ይሉና የዴስኩን የብረት እግር ይነካሉ። ሁሌም። አንድ ቀን አብዱልሃኪም፣

"ቲቸር፣ ከጂን ለመጠበቅ ነው እንዴ ብረት የሚነኩት?" አላቸው።

"ዕቃውን ከእኔ ለመጠበቅ ነው" አሉት። "ስመጣ ወንበር ላይ ተሻሽቻለሁ፣ ሹራቤ ተሻሽቷል። ምን ያህል ቻርጅ ይዤ እንደመጣሁ በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ ራሴን ባዶ ላድርግ።"

ሁለተኛው ልማዳቸው "እፍ" ማለትን መከልከል ነው። እኛ አገር ደግሞ እፍ ሳይባልበት የሚያልፍ ነገር አለ? ፍላሽ እፍ፣ የስልክ ባትሪ እፍ፣ መሬት የወደቀ ከረሜላ እፍ። ቲቸር ግን አንድ ሰው አፉን ሲያሞጠሙጥ ካዩ ጣታቸውን ከንፈሩ ፊት ይዘረጋሉ። "ትንፋሽ ውሃ ነው" ይላሉ። በቃ፤ ሌላ ቃል የለም።

ሦስተኛው፣ ስንሳሳት "ተሳሳታችሁ" አይሉም። "ምን አየሽ?" ነው የሚሉት። ያየሁትን ስነግራቸው፣ "ሌላስ?" ይላሉ። እንደገና ስናገር "ሌላስ?" አንዳንዴ ሦስተኛው "ሌላስ" ላይ ራሴ እደርስበትና እጮኻለሁ።

አቧራው ሲዘል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በጥር ወር፣ አየሩ ድርቅ ባለበት ቀን ነው። ቲቸር ሸምሱ የአሮጌ ፎቶ ፍሬም የፕላስቲክ ሽፋን በሱፍ ሹራብ አሹት አሹትና፣ አቧራውን ካሰጣንበት ትሪ በላይ ቀስ ብለው ያዙት። አንዱ ከጎን በባትሪ አበራልን። መጀመሪያ አንዲት ቅንጣት። ብድግ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ትሪው በሙሉ መፍላት ጀመረ፤ አንዱ ወደ ላይ ይወረወራል፣ ፕላስቲኩን ነክቶ ይመለሳል፣ ሌላው እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ድምፅ ነበረው እኮ! ጢቅ ጢቅ ጢቅ። የፀጉሬ ሥር ድረስ ወረረኝ። ጨረቃ ላይ የሄዱት ሰዎች ልብሳቸው ላይ ተለጥፎ አልለቅ ያላቸው፣ ሲጠርጉት ደግሞ የራስ ቁራቸውን መስታወት የሚጭርባቸው አቧራ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ያኔ ገባኝ። እየጠረጉት መልሰው ቻርጅ ያደርጉታል!

የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው፣ "ጥሩ። መብራት ጠፍቷል፤ አቧራ ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ የእኔንም ስልክ አድርጉልኝ" አለኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ሱቁን ወልቂጤ ከፈተና ተዛወርን። እኔ እንባ ብቻ ነበርኩ። ቲቸር ሸምሱን ልሰናበት ስሄድ ብልቃጥ ሙሉ የተነፋ አቧራ ሰጡኝና "ምን ያስለቅስሻል? ጨረቃ ወልቂጤም ትወጣለች" አሉኝ።

ወልቂጤ የሳይንስ ክበብ አልነበረም። ስለዚህ እኔው ወንፊት ያዥ፣ እኔው ሊቀመንበር፣ እኔው ተላላኪ ሆንኩ። ማርታ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያዋ አባል ናት። ቀጭን፣ አጭር፣ ክርክር የምትወድ፣ "ለምን?" ሳትል ውሃ የማትጠጣ። ከዚያ ሌሎችም መጡ። የጎደለን ክፍል ነው። መማሪያ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲገባ ሲወጣ አቧራችን እርጥበት ይጠጣል፤ መስኮቶቹም አይዘጉም። ግቢው ጥግ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ባዶ ክፍል ነበረች፤ ወለሏ ሲሚንቶ፣ መስኮቷ አንድ።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ የሺ ቢሮ ገባሁ። ፎርሙን ሞልተሽ ነይ፣ ማኅተም አስመቺ፣ ምናምን። ያን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"እዚያ ክፍል ውስጥ የተሰባበሩ ዴስኮች ላስገባ ነበር" አሉ። "ምን ልትሠሩበት ነው?"

"የጨረቃ አቧራ፣ ቲቸር።"

"አቧራ ለማስወጣት ነው ደመወዝ የምንከፍለው፤ አንቺ ልታስገቢ ነው?" ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። "ለወላጆች ቀን የሚታይ ነገር አሳዩኝ። ካሳያችሁ ክፍሉ የእናንተ ነው። ካላሳያችሁ ዴስኮቹ ይገባሉ።"

ነገሩ ይህ ነበር። ክፍሉ ከሄደ ክበቡም ይሄዳል። ማርታ እንኳን "ክፍል ከሌለማ እኔ ቮሊቦል እገባለሁ" ብላኛለች፤ ቁመቷን ብታዩ ክበቡ ምን ያህል አሳሳቢ ሁኔታ ላይ እንደነበር ይገባችኋል።

ተዘጋጀን። ክፍሉ ውስጥ ደጋግመን ሞከርን፤ እያንዳንዱ ጊዜ ዘለለልን። የወላጆች ቀን ጠዋት ስደርስ ትምህርት ቤቱ ሠርግ ቤት መስሏል። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ወለላ ከንጋት ጀምሮ ግቢውን ውሃ ረጭታ ጠርጋለች። የእኛንም ክፍል ረጭታ ጠርጋ፣ እንደገና ረጭታ፣ ለምለም ቄጠማ ጎዝጉዛበታለች። በሩን ከፍቼ ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ! አስቡት፣ ለእኛ ለልጆቹ! "እትዬ ወለላ፣ ኑሪልን!" ብዬ አቀፍኳት። ማርታም አቀፈቻት።

ወላጆች ገቡ። ክፍሉ ጢም አለ። ለጨለማው ብለን መስኮቱንም በሩንም ዘጋን። ማርታ ባትሪውን አበራች። እኔ ስለ ጨረቃ ተናገርኩ፤ ፕላስቲኩን አሸሁ፤ ከትሪው በላይ ያዝኩት።

ምንም።

እንደገና አሸሁ። ክንዴ እስኪዝል። ያዝኩት። አንዲት ቅንጣት እንኳን ንቅንቅ አላለችም። አቧራው ትሪው ላይ ዝናብ እንደ መታው ዶሮ ዝርግት ብሎ ተኝቷል።

ከኋላ አንድ አባት፣ "ልጄ፣ ቻርጁ አልቆ እንዳይሆን" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት እናት፣ "ተዉዋት እንጂ፤ ጨረቃም እኮ ደመና ይጋርዳታል" አሉ። እሳቸው ሊያጽናኑኝ ነበር፤ እኔ ግን ይበልጥ ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ወይዘሮ የሺ "እናመሰግናለን ልጆች" ብለው በሩን ከፈቱ። በማግስቱ ጠዋት የተሰባበሩት ዴስኮች በራችን ላይ ተደርድረው ነበር።

በአባቴ ስልክ ቡታጅራ ደወልኩ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሐያት።"

"ወአለይኩም ሰላም ቲቸር። አልዘለለም!" ማልቀስ ጀመርኩ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። "ምን አየሽ?"

"ምንም! አቧራው ዝም አለ።"

"ሌላስ?"

"ሰው ሞልቶ ነበር። መስኮቱ ዝግ ነበር።"

"ሌላስ? ወለሉስ?"

"ወለሉማ በጣም ያምር ነበር፤ ውሃ ተረጭቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ..."

 በዚያ በኩል ሳቅ ሰማሁ፤ ለመያዝ እየሞከሩ ያመለጣቸው ሳቅ። "ሐያት፣" አሉኝ፣ "ጨረቃ ላይ ቄጠማ አለ?"

እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅኩ። እርጥብ ወለል፣ እርጥብ ሣር፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ። ፕላስቲኩን ባሸሁት ቁጥር ያ እርጥበት ቻርጁን ጠራርጎ ይወስድብኝ ነበር። ጨረቃ ላይ የሚወስደው ነገር ስለሌለ ነው አቧራው ቻርጁን ይዞ የሚቆየው። እኛ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብለን ጨረቃን አጠጣናት!

እየሮጥኩ ወደ ወይዘሮ የሺ። "ቲቸር፣ ቄጠማው ነው!"

"ምኑ?"

"ያላስዘለለን። ቄጠማውና የተረጨው ውሃ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት ሰበብ ሰምቻለሁ። አያት ሞተ፣ ባጃጅ ተበላሸ። ቄጠማ ነው የሚል ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።" ትንሽ አሰቡ። "እስከ ዓርብ። ዴስኮቹ እስከ ዓርብ ደጅ ይቆያሉ። እኔ ራሴ መጥቼ አያለሁ።"

ቀጣዩ ችግር እትዬ ወለላ ነበረች። ዓርብ እንዳትረጪ ስላት መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች።

"ምን አልሽ?"

"ውሃ እንዳትረጪ፣ እትዬ። ቄጠማም ይቅር።"

"ዳይሬክተሯ ሊገቡ? አቧራው ሰው አፍንጫ ውስጥ ይግባ ነው የምትይኝ? እኔ በደረቁ ስጠርግ ማን አይቶኝ ያውቃል?" ዐይኗ እንባ አቀረረ። "የእኔ ሥራ ነው ያዋረዳችሁ በይኝ እንጂ።"

ወይኔ!  ማርታ ግን እጇን ያዘቻትና "እትዬ፣ ነይ እስኪ እይው" ብላ ክፍሉ ውስጥ አስገባቻት። የዚያን ቀን ፀሐይ ነበር። አቧራውን አድርቀን፣ ፕላስቲኩን አሽተን ያዝንላት። ጢቅ ጢቅ ጢቅ። እትዬ ወለላ ወደ ኋላ ዘልላ አማተበች። ከዚያ ተጠጋች። ከዚያ በጣም ተጠጋች። ከዚያ ማርታ እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ትሪው አጠገብ ዘረጋችና ፕላስቲኩን በጨርቁ ጫፍ ነካ አደረገችው። አቧራው ፀጥ።

"እንዴ!" አለች እትዬ ወለላ። "ውሃው ነው የገደለው?"

"ውሃው ነው።"

መጥረጊያዋን አነሳች። "በቃ። ዓርብ በዚህ በር ውሃ የሚባል ነገር አያልፍም።"

ሐሙስ ዘነበ። ሌሊቱን በሙሉ ጣራው ሲጮህ ሰማሁት። ዓርብ ጠዋት ግቢው ኩሬ ነበር። እኛ ግን ቀድመን ደርሰናል፤ በሩንና መስኮቱን ከፍተን ክፍሉ ውስጥ ከሰል አነደድን፤ ግድግዳው እስኪሞቅ። ከዚያ ምድጃውን አውጥተን፣ ጭሱ እስኪጠፋ አናፍሰን ዘጋን። እትዬ ወለላ በር ላይ ቆመች። ወይዘሮ የሺ ጃንጥላ ይዘው ሲመጡ አየኋቸው።

"ጃንጥላው ውጪ ይቀመጥልኝ" አለች እትዬ ወለላ።

"እትዬ ወለላ፣ እኔ እኮ ነኝ።"

"እርስዎ ይግቡ። ጫማዎን ግን እዚህ ጨርቅ ላይ ይጥረጉልኝ። ሲገቡም በአፍንጫዎ ብቻ ይተንፍሱ።"

ወይዘሮ የሺ ጫማቸውን ጠረጉ! በአፍንጫቸው እየተነፈሱ ገቡ።  እንደ ቲቸር ሸምሱ የዴስኩን የብረት እግር ነካሁ፤ ፕላስቲኩን አሸሁ፤ ያዝኩት።

ትንሽ ቆየ። በጣም የረዘመ ትንሽ። ከዚያ አንዲት ቅንጣት ብድግ አለች። ከዚያ ሁሉም።

ወይዘሮ የሺ ጎንበስ ብለው አዩ።  ፕላስቲኩን ሳወርደው "እንደገና" አሉ። እንደገና አዘለልነው። ቀና ሲሉ ፊታቸው የዳይሬክተር አይመስልም ነበር።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ። "እዚህ አንቺ በሹራብ አሸሽው። ጨረቃ ላይ ማን ነው የሚያሸው?"

እስከ ዛሬ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ስለ ፀሐይ ብርሃን ነገርኳቸው፤ ኤሌክትሮኖቹን እንዴት እንደሚያስፈነጥር። ማርታ አላስጨረሰችኝም። በቅንጣቶቹ መካከል ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ከአንዷ የተፈናጠረው ኤሌክትሮን ጎረቤቷ ላይ እንደሚለጠፍ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ጎረቤታሞች ሁሉ ቻርጅ እየሞላባቸው ሲሄድ እንደሚገፋፉ አብራራች። እኔ ራሴ እንደዚያ አድርጌ አልገለጽኩትም ነበር።

ወይዘሮ የሺ ወጡ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ከውጭ ድምፃቸውን ሰማን፤ "እትዬ ወለላ፣ ዘበኛውን ጥሪልኝ። እነዚህ ዴስኮች ወደ አናጺው ይሂዱ።" ጩኸታችንን ወልቂጤ በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኔ መልካም ነበር። ክበቡ አደገ። ማርታም አደገች፤ በቁመት ግን አይደለም። ፈተናዬ ሲደርስ ቁልፉን ለእሷ አስረከብኩ። ሳስረክባት አንድ ምክር ሰጠኋት፦ "ክረምት ላይ እንዳትደክሚ። በክረምት አይዘልም። እስከ መስከረም ጠብቂ።" እሷም "ለምን?" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ዶፍ ሲወርድ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ። የክፍላችን በር ዙሪያው በፕላስቲክ ታሽጓል፤ ጣራው ሥር የጋለ ምድጃ ተቀምጧል። አንኳኳሁ። ማርታ በሩን በጣት ስፋት ያህል ከፈተች።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። ልያችሁ ብዬ..."

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ሐያትዬ፣ ፀጉርሽ እርጥብ ነው።"

"ትንሽ ነው እኮ።"

"ሹራብሽም። አትገቢም።"

"ማርታ፣ ይሄን ክፍል እኮ እኔ ነኝ..."

"አውቃለሁ። አትገቢም።" በሩ ተዘጋ።

ጣራው ሥር ቆምኩ። እትዬ ወለላ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታየኛለች። "አላስገባችሽም?" አለችኝ።

"አላስገባችኝም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከውስጥ መጀመሪያ ሹራብ ፕላስቲክ ላይ ሲታሽ ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ አዲሶቹ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ "ዘለለ! ዘለለ!"